ችፌ ላለበት ሕፃን የኩፍኝ ክትባት ይዘግይ?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ወንድ ልጄ ስምንት ወር ሞልቶታል። ከሦስት ወሩ ጀምሮ ጉንጩና የክርኑ መታጠፊያ ላይ ችፌ ወጥቶበት ሄድ መለስ ይላል። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ ያፏጫል፤ ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስጄው ፓፍ ተሰጥቶት ተሻለው። ባለፈው ወር ለጉንፋኑ የታዘዘለትን አሞክሳሲሊን ሽሮፕ በጀመረ በአራተኛው ቀን ሰውነቱ ሁሉ ሳማ እንደለበለበው ሆነ። እንቁላል ሳቀምሰውም አፉ ዙሪያ ይቀላል። አባቱ አስም አለበት። አሁን የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባቱ ደርሷል። አማቴ ‹የእኛ ልጆች ኩፍኝ ወጥቶላቸው ነው ያደጉት፤ አስምና አለርጂ የሚባል መቼ እናውቅ ነበር› ይላሉ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ደግሞ ‹እዚህ የሚከተቡት ዓመት ሲሞላቸው ነው፤ ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ አለርጂውን እንዳይቀሰቅስበት አቆዪው› አለችኝ። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ አያቆዩት። ዘጠኝ ወር እንደሞላው ይከተብ፤ በ15 ወሩም ሁለተኛውን ይውሰድ። ችፌው፣ የደረቱ ፉጨትም ሆነ የእንቁላሉ ነገር ክትባቱን ለማዘግየት ምክንያት አይሆኑም። ኩፍኝ ሕፃናትን በብዛት የሚገድለው በሳንባ ምች ነው። ደረቱ አስቀድሞ ለሚያስቸግረው ልጅ ኩፍኝ «እስኪወጣለት» መጠበቅ ከባድ ቁማር ነው።

ጥያቄዎ ውስጥ አንድ ሐሳብ ከሥር ይሄዳል፦ ቫይረስ ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆነ፣ አለርጂንም ወይ እንደሚያጠፋ ወይ እንደሚያባብስ። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የጉንፋን ቫይረስ በልጅዎ ደረት ላይ የሚሠራውን ኩፍኝ አይሠራውም፤ ኩፍኝ የሚያደርሰውንም ክትባቱ አያደርስም።

ከአማትዎ ልጀምር። ያሉት ነገር ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም፤ ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አስተውለው ብዙ ደክመውበታል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በ1989 ዴቪድ ስትራካን የተባለ ብሪታንያዊ ተመራማሪ በ1958 የተወለዱ ከ17 ሺህ በላይ ብሪታንያውያንን መረጃ ሲመረምር፣ ታላላቅ ወንድምና እህት የበዙላቸው ልጆች የአፍንጫ አለርጂ፣ እኛ ሀገር ብዙ ሰው «ሳይነስ» የሚለው ሕመም፣ እንደሚያንሳቸው አገኘ። ከታላላቆቻቸው የሚጋባባቸው ኢንፌክሽን ሳይጠብቃቸው አልቀረም ብሎም ገመተ። ከዚያ በኋላ «የትኛው ኢንፌክሽን?» የሚል ፍለጋ ተጀመረ። በ1996 ከጊኒ ቢሳው የመጣው ውጤት መልሱን ያገኘ መሰለ። በ1979 በቢሳው ከተማ በነበረው የኩፍኝ ወረርሽኝ የተያዙ ልጆች ወጣት ሲሆኑ ተፈልገው የአለርጂ የቆዳ ምርመራ ተደረገላቸው። ኩፍኝ ይዟቸው ከነበሩት 12.8 በመቶው፣ ተከትበው ኩፍኝ ካልያዛቸው ደግሞ 25.6 በመቶው ቆዳቸው ተቆጣ። ልዩነቱ እጥፍ ነው። «ኩፍኝ አለርጂን ይከላከላል» የሚለው ወሬ በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው ከዚህ ጥናት ተነስቶ ነው።

ይሁን እንጂ ያንን ቁጥር ስናነብ ለምርመራ የቀረቡት እነማን እንደሆኑ መጠየቅ አለብን። የቀረቡት የተረፉት ናቸው። በዚያ ወረርሽኝ የሞቱት ሕፃናት ቆዳቸው ይቆጣ እንደነበር የሚነግረን የለም፤ ደካማ የነበሩት፣ ደረታቸው የሚታመመው፣ ቀድመው ሳይሄዱ አይቀሩም። አማትዎም የሚያስታውሱት ያደጉትን ልጆች ነው። በዚያ ላይ የቆዳ መቆጣትና በሽታ አንድ አይደሉም፤ ቆዳው የሚቆጣ ሁሉ አስም የለበትም። ልጆቹም በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ፣ በተከተቡትና ባልተከተቡት ቤተሰቦች መካከል የነበረው የኑሮ ልዩነት ሁሉ ቁጥሩ ውስጥ ገብቷል። በዚያው ጥናት ከዓመት በላይ ጡት የጠቡትም የቆዳ ምላሻቸው ዝቅ ያለ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ፊንላንዶች ከ540 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝገብ ይዘው መጡ። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ኩፍኝ ይዟቸው የነበሩት ችፌውም፣ የአፍንጫ አለርጂውም፣ አስሙም በዛባቸው። አንድ ቫይረስ በአንድ ሀገር አለርጂን የሚከላከል፣ በሌላው የሚያመጣ ሆኖ ከታየ፣ ቫይረሱን ከማመስገንም ከመክሰስም በፊት አብሮት የመጣውን ኑሮ ማየት ይገባል።

አብሮ የሚመጣ ኑሮ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ የጣሊያን ወታደሮች ጥናት በደንብ ያሳያል። በ1997 የወጣው ይህ ጥናት ሄፓታይተስ ኤ ይዟቸው የሚያውቅ ወጣቶች አለርጂ እንደሚያንሳቸው አሳየ። ሄፓታይተስ ኤ በተበከለ ምግብና ውኃ የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ የያዘው ልጅ በልጅነቱ ሌሎች ብዙ ተሕዋስያንን አብሮ ውጧል ማለት ነው። ቫይረሱ ራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ቫይረሱ በሴል ላይ የሚጣበቅበት አንድ ፕሮቲን ከአለርጂ ዘረመል ጋር ግንኙነት እንዳለው በኋላ ታውቋል። ዋናው ነገር ግን በደም ውስጥ የተገኘው ምልክት የአስተዳደግ ምልክትም መሆኑ ነው።

እኛም ዘንድ የተሠራ ሥራ አለ። በ1990ዎቹ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረገው ጥናት አስም በከተማው እንደሚበዛ፣ በገጠሩ እንደሚያንስ አሳይቷል። ስለዚህ አማትዎ «በእኛ ጊዜ አስም አናውቅም ነበር» ሲሉ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ቀጥሎ በዚያው በጅማ በተደረገ ክትትል ከደረት ፉጨት ማነስ ጋር ጎልቶ የተያያዘው ግን ኩፍኝ አልነበረም፤ የመንጠቆ ትል ነበር። ትሎች ዕድሜያቸውን ለማራዘም የሰውን የመከላከያ ሥርዓት ያለዝባሉ፤ በዚሁ የአለርጂ ምላሽም አብሮ ሳይረግብ አይቀርም። (ይህን ሰምቶ የትል መድኃኒት የሚያስቀር ወላጅ እንዳይኖር። ዴንማርክ ውስጥ የአሳማ ትል እንቁላል ለአፍንጫ አለርጂ ሕሙማን በሙከራ ተሰጥቶ ምንም አልጠቀማቸውም፤ የመንጠቆ ትል ደግሞ የልጅን ደም ይመጥጣል።) ገጠር ሲታሰብ ከብቱ፣ አፈሩ፣ ምግቡ፣ የቤቱ አሠራር፣ የቤተሰቡ ብዛት ሁሉ አለ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ኩፍኝን ብቻ መዝዞ ምስጋና መስጠት ትክክል አይሆንም።

የኩፍኙ ንድፈ ሐሳብ በሰውነት ውስጥ በሚሆነው ነገር ሲፈተሽም አይቆምም። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ የመከላከያ ሥርዓታችን ሁለት ክንፍ አለው፤ አንደኛው ቫይረስንና የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ባክቴሪያን የሚዋጋው፣ ሁለተኛው ትልን የሚዋጋውና በአለርጂ ጊዜ ያለቦታው የሚነሳው። ቫይረስ አንደኛውን ክንፍ ሲያጠነክር ሁለተኛው ይደክማል ተባለ። ለማስረዳት ይመቻል፤ እውነታውን ግን አይሸከምም። ትል ሁለተኛውን ክንፍ እየቀሰቀሰ አለርጂን ካረገበ፣ ጉዳዩ የሁለት ክንፎች መመዛዘን ብቻ አይደለም። ዛሬ ትኩረቱ «ተው፣ ይህ ጠላት አይደለም» የሚል ትእዛዝ በሚሰጡት፣ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ላይ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ኩፍኝ ራሱ እንደተባለው አለመሥራቱ ነው። ሽፍታው ከወጣ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሕፃኑ የመከላከያ ሥርዓት የሚያዘነብለው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ አለርጂው ክንፍ ነው።

ኩፍኝ የመከላከያ ሥርዓትን እንደሚያሠለጥን አድርጎ ማሰብም ስህተት ነው። አለርጂ የሚለውን ስያሜ በ1906 ያወጣው የቪየናው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ራሱ፣ ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች ለሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ ይሰጡት የነበረው ምላሽ ለጊዜው እንደሚጠፋ በ1908 ጽፎ ነበር። ምክንያቱ በኋላ ተብራራ፤ ቫይረሱ የሚገባው ቀደም ሲል የተዋጓቸውን ጀርሞች በሚያስታውሱት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ነው፣ እነሱንም ይጨርሳቸዋል። በ2019 ያልተከተቡ 77 የኔዘርላንድ ልጆች ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ በሌሎች በሽታዎች ላይ ከነበሯቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ ተገኘ። ክትባቱን በወሰዱ ልጆች ላይ ይህ አልታየም። ኩፍኝ የወጣለት ልጅ ከዚያ በኋላ ለሁለትና ሦስት ዓመት በሌላ በሽታ ቶሎ የሚጠቃው ለዚህ ነው። የምግብ እጥረት ባለበትና ሕክምና በራቀበት ቦታ ኩፍኝ ከያዛቸው ልጆች እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ። ለአለርጂ ተብሎ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

አሁን ወደ ልጅዎ ደረት ልምጣ፤ ከአለርጂ ጋር በእርግጥ የተሳሰሩት ቫይረሶች ያሉት እዚያ ነውና። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ የሚያፏጨው በራይኖቫይረስ ወይም አር ኤስ ቪ በሚባለው ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን ከተማ፣ ወላጆቻቸው አለርጂ ወይም አስም ያለባቸው ልጆች ከተወለዱ ጀምሮ ተከታትለው ሲታዩ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በራይኖቫይረስ ደረታቸው ያፏጨባቸው ልጆች በስድስት ዓመታቸው አስም የመያዝ ዕድላቸው ወደ አሥር እጥፍ ተጠግቶ ነበር። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው አስሙን ያመጣው ጉንፋኑ ነው» ይላል። ተመራማሪዎቹ ቅደም ተከተሉን ሲያጠኑ ግን አለርጂው ቀድሞ፣ የራይኖቫይረስ ፉጨቱ ተከትሎ ተገኘ። አለርጂ ያለው ሳንባ ጉንፋንን እንደ ሌላው ሳንባ አይቀበለውም።

ለምን ቢባል፣ የአየር ቧንቧን የሚሸፍኑት ሴሎች ቫይረስ ሲገባባቸው ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ኬሚካል ይረጫሉ፤ ቫይረሱ እንዳይባዛ የሚያደርገው ይህ ነው። አለርጂ ያለው ሰው ደም ውስጥ የሚበዛው አይ ጂ ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል፣ ኢንተርፌሮን በብዛት በሚያመርቱ ሴሎች ላይ ተቀምጦ ያን ምርት ይቀንሰዋል። ቫይረሱ ጊዜ ያገኛል፤ ሴሎቹን ይጎዳል። የተጎዱት ሴሎች በተራቸው የአለርጂውን ክንፍ የሚጠሩ ምልክቶችን ይለቃሉ፤ አክታው ይወፍራል፣ ቧንቧው ይጠባል። እንግዲህ አለርጂው ቫይረሱን ያግዛል፣ ቫይረሱ አለርጂውን። በሌላ አቅጣጫም ተረጋግጧል፤ አይ ጂ ኢን የሚይዘው ኦማሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ለአስም ሕሙማን ልጆች ሲሰጥ፣ ጉንፋን በሚዛመትበት የመከር ወቅት የሚነሳባቸው አስም ቀንሷል። በ2020 ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋ በብዙ ሀገር ሆስፒታሎች በአስም የሚገቡ ልጆች ቁጥር ያሽቆለቆለውም በአብዛኛው የቫይረሶቹ መዛመት ስለቀነሰ ሳይሆን አይቀርም።

ይህም ቢሆን ወሰን አለው። አር ኤስ ቪን የሚከላከል ፀረ እንግዳ አካል ያለጊዜያቸው ለተወለዱ የኔዘርላንድ ሕፃናት ሲሰጥ በመጀመሪያው ዓመት የነበረው የደረት ፉጨት በጣም ቀንሶ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ግን የሳንባቸው አቅም ካልወሰዱት አልተለየም። ስለዚህ ቫይረሱን መከላከል የዛሬን ጭንቀት ያቃልላል፤ የነገውን አስም ያስቀራል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም። ልጅዎ አስም ይይዘው እንደሆነም ከአሁኑ መናገር አይቻልም። ችፌ፣ የአባት አስምና ተደጋጋሚ ፉጨት ሲደመሩ ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል፤ እንዲህ ሆነውም በትምህርት ቤት ዕድሜያቸው የሚተዋቸው ብዙ ናቸው።

የአሞክሳሲሊኑም ነገር እዚሁ ይገባል። በሕፃናት ላይ በድንገት ለሚወጣ የሚያሳክክ እብጥ እብጥ ያለ ሽፍታ ተደጋግሞ የሚገኘው ምክንያት ቫይረስ ነው። ልጁ ጉንፋን ይዞታል፣ ሽሮፕ ይሰጠዋል፣ ሽፍታው ይወጣል፤ ጥፋቱ በሽሮፑ ይላከካል፤ ካርዱ ላይም «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ይጻፍና ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ለሕይወት የሚያሰጋው ፈጣን የመድኃኒት አለርጂ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነሳል፤ የልጅዎ በአራተኛው ቀን ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ኖሯቸው በሐኪም ፊት መድኃኒቱ በጥንቃቄ ተሰጥቷቸው ሲፈተሹ፣ ከአሥሩ ልጆች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ምንም አይሆኑም። ቤት ውስጥ ግን አይሞክሩት። ሽፍታው ከንፈር ወይም ምላስ ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ ውስጥ ቁስል ወይም የቆዳ መላጥ ከነበረበት ታሪኩ ሌላ ነውና መድኃኒቱ ሳይደገም ለሐኪም ይነገር። (ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ለምን ታዘዘ የሚለውን ለሌላ ቀን ላቆየው።)

ወደ ክትባቶቹ። ልጅዎ ሕያው ክትባት (የተዳከመ ሕያው ተሕዋስ ያለበት) ሲወስድ የኩፍኙ የመጀመሪያው አይሆንም። በተወለደ ጊዜ ክንዱ ላይ የተሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ሕያው ባክቴሪያ ነው፤ በአፉ የተጨመሩለት የፖሊዮና የሮታ ጠብታዎች ሕያው ቫይረሶች ናቸው። እህትዎ የሰጉት ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በተፈተነ ነበር። በሕዝብ ደረጃም ተፈትሿል። በጀርመን ከ13 ሺህ በላይ ልጆች በተካተቱበት ብሔራዊ የጤና ዳሰሳ ያልተከተቡት ከተከተቡት ያነሰ አለርጂ አልነበራቸውም። ያልተከተቡት በቁጥር ጥቂት ስለነበሩ ይህ አንድ ጥናት ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም፤ የፊንላንዱና የሌሎቹ ውጤት ግን ወደዚያው ያመለክታል። «ያልተከተቡ የስዊድን ልጆች አለርጂ የላቸውም» የሚለውን ጥናት የሚጠቅሱ ሰዎችም ያጋጥምዎታል። እነዚያ ሽታይነር በሚባሉ፣ የራሳቸው የትምህርትና የአኗኗር ፍልስፍና ባላቸው ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች የሚለዩት በክትባት ብቻ አልነበረም፤ አንቲባዮቲክ የሚወስዱት ጥቂት ነበር፣ እንዲብላላ ተደርጎ የቦካ አትክልት ይበሉ ነበር፣ ቤተሰቦቻቸውም የተለየ አኗኗር ነበራቸው።

ሕያው ክትባት አለርጂን ይቀንስ ይሆን የሚለው ተቃራኒ ተስፋ በተለይ በቢሲጂ ላይ ነበር። በ1997 ጃፓን ውስጥ ለነቀርሳ የቆዳ ምርመራ ጠንከር ያለ ምላሽ የሰጡ ተማሪዎች አለርጂ አንሷቸው ታየ፤ ብዙዎችም ተደሰቱ። ቢሲጂ የመጀመሪያ ተከላካይ ሴሎቻችንን ለወራት ንቁ አድርጎ እንደሚያቆይ ስለታወቀ ሐሳቡ መሠረት የለሽ አልነበረም። በዕጣ የተመደቡ ልጆች ላይ ሲሞከር ግን ተስፋው ጠበበ። ከ4 ሺህ በላይ ሕፃናት በተሳተፉበት የዴንማርክ ሙከራ ቢሲጂ የወሰዱት በችፌ የተያዙት ካልወሰዱት በጥቂት በመቶ ብቻ አነሰ፤ ጥቅሙም የታየው በተለይ ወላጆቻቸው አለርጂ ባለባቸው ላይ ነው። በአውስትራሊያ ሜልቦርን የተደረገው ሙከራም በጠቅላላው አስተማማኝ ልዩነት አላገኘም፤ ሁለቱም ወላጆቹ አለርጂ ያለባቸው ልጅ ግን የተጠቀመ መስሏል። ልጅዎ ቢሲጂን የወሰደው ለሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ለችፌው ቢረዳው ደግ ነው። ለአለርጂ ተብሎ ይደገምለት የሚል ሰው ቢያገኙ ግን አይስሙት።

እህትዎ ስለ አሜሪካ የተናገሩት እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን አለርጂ አይደለም። ሕፃን ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል ክትባቱን ስለሚያመክነው፣ ዓመት ሞልቶት የተከተበ ልጅ የበለጠ ይጠበቃል፤ በዘጠኝ ወር 85 በመቶ ያህል፣ በዓመት 95 በመቶ ገደማ። ኩፍኝ ብርቅ በሆነበት ሀገር ሦስት ወር መጠበቅ ብዙም አያስከፍልም። ወረርሽኝ በሚመላለስበት በእኛ ሀገር ግን እነዚያ ሦስት ወራት ልጅ የሚሞትባቸው ናቸው። ስለዚህ በዘጠኝ ወር ይጀመርና ክፍተቱ በ15 ወሩ ክትባት ይሞላል። እህትዎ የስምንት ወር ልጅ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ቢመጡ የዚያው የአሜሪካ መመሪያ ልጁ ከመሳፈሩ በፊት ይከተብ ይላል፤ ለተጓዥ ከስድስት ወር ጀምሮ ይሰጣልና።

እንቁላሉን በተመለከተ፣ የኩፍኝ ክትባት ከእንቁላል ጋር ስሙ የተያያዘው አንዳንዱ ዓይነት በጫጩት ፅንስ ሴል ላይ ስለሚያድግ ነው። በእሱ ውስጥ የሚቀረው የእንቁላል ፕሮቲን እዚህ ግባ የማይባል በመሆኑ ከባድ የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው ልጆች ሳይቀሩ በሰላም ወስደውታል። በአፍሪካ በስፋት የሚሠራበት ኤድመንስተን ዛግሬብ የተባለው ዝርያ ደግሞ የሚያድገው በሰው ሴል ላይ ነው። በእንቁላል ምክንያት በእርግጥ ጥንቃቄ የሚሻው የቢጫ ወባ ክትባት ነው፤ እሱ በእንቁላል ውስጥ ስለሚዘጋጅ እንቁላል በልቶ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ከመውሰዱ በፊት የአለርጂ ሐኪም ይየው። የአፍ ዙሪያ መቅላት ብቻ ከሆነ ችፌ ያለበት ቆዳ በምግብ ንክኪ መቆጣቱም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳያየው እንቁላልን ጨርሶ አይከልክሉት፤ ያለምክንያት የተከለከለ ምግብ በኋላ አለርጂ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። እስኪታይ ድረስ ግን መጠኑን አይጨምሩበት፤ እብጠት፣ ትውከት ወይም ሳል ካመጣበት ወዲያው ያቁሙ።

ሕያው ክትባትን በእውነት የሚያስቆሙ ነገሮች አሉ፤ ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው ራሱ ክትባቱ ወይም በውስጡ ያለ ነገር፣ በተለይ ጄላቲን ወይም ኒዮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ ከዚህ በፊት ከባድ አለርጂ አምጥቶ ከሆነ ነው። ለኩፍኝ ክትባት ተብለው ከተመዘገቡት ጥቂት እውነተኛ አለርጂዎች በርካቶቹ መነሻቸው ጄላቲን እንጂ እንቁላል አልነበረም። ሁለተኛው የመከላከያ ሥርዓቱ በጣም የደከመ ልጅ ነው። ሦስተኛው እርስዎን ሊመለከት ስለሚችል ልብ ይበሉት፤ ፕሬድኒሶሎን ወይም ተመሳሳይ ስቴሮይድ (የመከላከያ ሥርዓትን የሚያለዝብ መድኃኒት) በከፍተኛ መጠን፣ ማለትም በቀን በኪሎ 2 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የወሰደ ልጅ መድኃኒቱን ካቆመ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት ይቆያል። ለፉጨት የተሰጠ የሦስትና የአምስት ቀን ፕሬድኒሶሎን፣ ፓፍና የችፌ ቅባት በዚህ ውስጥ አይገቡም። ምን እንደሆነ ያልተነገረዎት መርፌ በተደጋጋሚ ተወግቶ ከሆነ ግን ስሙን ጠይቀው ለክትባት ባለሙያዋ ይንገሩ፤ ለደረት ተብሎ የሚወጋው ዴክሳሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ ሊሆን ይችላል።

ውጭ ሀገር ላሉ አንባቢዎች ደግሞ፣ በአሜሪካ መመሪያ መሠረት በአፍንጫ የሚነፋው ሕያው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለና ባለፈው ዓመት ደረቱ ላፏጨ ልጅ አይሰጥም፤ በመርፌ የሚሰጠውን ይውሰድ። የድሮው የፈንጣጣ ክትባትም ችፌ ባለበት ሰው ቆዳ ላይ ተሰራጭቶ ሊገድል ይችል ነበር። ሕያው ክትባት ለችፌ አደገኛ ነው የሚለው ፍርሃት ከዚያ የቀረ ይመስለኛል። የኩፍኝ ክትባት እንዲያ አያደርግም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በቀጠሮው ቀን ካርዱን ይዘው ይሂዱ፤ ቀላል ጉንፋን ቢኖረው አይመለሱ፣ ከባድ ትኩሳት ወይም በዚያ ዕለት የተነሳ ፉጨት ካለ ግን መጀመሪያ ይታከም፤ ቀጠሮው በወር ሳይሆን በቀናት ይገፋ። ከተከተበ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ይቆዩ። ከ5 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳትና ቀላል ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል፤ ክትባቱ መያዙን ያሳያል እንጂ አለርጂ አይደለም፣ በራሱም ይጠፋል። ከተከተበ በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነቱ ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥረው ወይም ቢዝለፈለፍ ግን እዚያው ለባለሙያዎቹ ይጮኹ። ችፌውን ቫዝሊን ወይም ሌላ ሽታ የሌለው ቅባት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እየቀቡ፣ ሲቆጣም ሐኪም ያዘዘለትን የስቴሮይድ ቅባት እየተጠቀሙ ያረጋጉት። ፓፉን በስፔሰር (ፓፉ በሚገጠምበት ቱቦ) እንዴት እንደሚሰጥ ጤና ጣቢያው በተግባር ያሳይዎት። ቤት ውስጥ የከሰልም የሲጋራም ጭስ አይኑር፤ ለቡና የሚጨሰው ዕጣንም እሱ ባለበት ክፍል አይሁን። የአሞክሳሲሊኑን ታሪክም በየትኛው ቀን እንደወጣና ምን እንደሚመስል ከነፎቶው አስቀምጠው ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩ።